ምዕራፍ 7፦ እግር ጥሎን ስንገናኝ

በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች በአንድ የፎቶ ኮፒ ማሽን ይጠቀሙ ነበር። ያኔ የምርምር ጽሑፍ እንደዛሬው በስልክ አይነበብም፤ መጽሔቱን ይዞ ማሽኑ ፊት ተራ መጠበቅ ግድ ነበር። ካታሊን ካሪኮ በ1985 ከሀንጋሪ የመጣች የባዮኬሚስትሪ ባለሙያ ናት። ኤምአርኤንኤ በሚባለው፣ ለሴሎቻችን የፕሮቲን መሥሪያ ትእዛዝ በሚያደርሰው ሞለኪውል መድኃኒት መሥራት ይቻላል ብላ ታምን ነበር። ለምርምሯ ገንዘብ የሚሰጣት ግን አላገኘችም፤ በ1995 ከደረጃዋም ዝቅ ተደርጋለች። ድሩ ዋይስማን ደግሞ በሌላ የሥራ ክፍል ያለ ለግቢው አዲስ ሰው ነው፤ ሐሳቡ ሁሉ የኤችአይቪ ክትባት ላይ ነበር። ማሽኑ አጠገብ ሲገናኙ ወሬ ጀመሩ። እሱ የሚፈልገውን ነገራት፤ እሷም ኤምአርኤንኤ መሥራት እንደምትችል ነገረችው።

ወሬው ሥራ ወለደ። በቤተ ሙከራ የተሠራ ኤምአርኤንኤ ሰውነት ውስጥ ሲገባ የመከላከያ ሴሎች እንደ ጠላት ያዩትና ይቆጡ ነበር። ሁለቱ ለዓመታት ደክመው፣ ሞለኪውሉ ከተገነባባቸው ክፍሎች አንዱ በመጠኑ ሲለወጥ ቁጣው እንደሚበርድ ደረሱበት። ይህን በ2005 ሲያሳትሙ ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነበር። በ2020 ግን ፋይዘርና ሞደርና ያቀረቧቸው የኮቪድ ክትባቶች በዚሁ ግኝት ላይ የቆሙ ነበሩ። በ2023 ሁለቱ የሕክምናውን የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

እንዲህ ያለ ታሪክ ስንሰማ «ዕድላቸው ነው» ብለን ማለፍ ይቀናናል። እስቲ ዕድሉን ከሥራው እንለየው። በዚያ ማሽን ፊት ስንትና ስንት ሰው ቆሟል፤ ከአብዛኛው ወሬ ምንም አልተወለደም፤ ስለሱም የሚያወራ የለም። በዕድል የሆነው የሁለቱ በአንድ ሰዓት አንድ ቦታ መገኘት ብቻ ነው። ካሪኮ የምትሠራውን ለማያውቃት ሰው ባጭሩ መናገር ትችል ነበር። ዋይስማን የጎደለውን ያውቅ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላም ተፈላልገዋል። እነዚህ ሦስቱ በእጃችን ያሉ ነገሮች ናቸው።

ሩቅ ሰው ምን ያመጣል?

ማርክ ግራኖቬተር የተባለ የሶሲዮሎጂ ምሁር በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ በቦስተን አጠገብ ባለችው ኒውተን ከተማ በቅርቡ ሥራ የቀየሩ ባለሙያዎችን ጠይቆ ነበር። ሥራውን በሰው በኩል ካገኙት መካከል፣ ጠቋሚውን ሰው አዘውትረው የሚያገኙት ከመቶ 17 ያህሉ ብቻ ናቸው። ከግማሽ የሚበልጡት አልፎ አልፎ ብቻ ያገኙት ነበር፤ 28 ያህሉ ደግሞ ከስንት አንዴ። ብዙ ጊዜ ጠቋሚው የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛ ወይም የቀድሞ ባልደረባ ሲሆን፣ የተቋረጠውን ትውውቅ የቀጠለውም አንዳንዴ ድንገት መንገድ ላይ መገናኘት ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የቅርብ ጓደኞቻችን የሚያውቁት እኛ የምናውቀውን ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት፣ በአንድ ዕድር፣ በአንድ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ያለን ሰዎች ስለ አንድ ክፍት የሥራ ቦታ አንዳችን ከሰማን ሁላችንም ሰምተናል። ሩቅ ሰው ግን የሚውለው እኛ በማንውልበት፣ የሚሰማውም እኛ የማንሰማውን ነው። ተራራና ተራራ አይገናኝም፣ ሰውና ሰው ግን ይገናኛል የሚለው ተረታችን ቂም ለያዘ ሰው ማስጠንቀቂያ ሆኖ ይነገራል፤ ለሥራ ፈላጊ ግን ተስፋ ነው።

ታዲያ ለምን ዝም እንላለን?

ኒኮላስ ኤፕሊና ጁሊያና ሽሮደር በ2014 ባሳተሙት ጥናት በቺካጎ ባቡር የሚመላለሱ ሰዎችን በሦስት ከፈሉ። አንዱ ቡድን ከማያውቀው ሰው ጋር እንዲጨዋወት፣ ሌላው ብቻውን ዝም ብሎ እንዲጓዝ፣ ሦስተኛው እንደ ልማዱ እንዲሆን ተነገረው። ውጤቱን አስቀድመው እንዲገምቱ የተጠየቁ ሰዎች ዝምታው የተሻለ ጉዞ እንደሚሆን ገመቱ። የሆነው ተቃራኒው ነው፤ ጉዟቸው ይበልጥ የጣማቸው የተጨዋወቱት ነበሩ። እያንዳንዱ «እኔ ባልጠላም እሱ አይፈልግም» ብሎ ስለሚያስብ ሁሉም ተያይቶ ዝም ይላል።

በአገራችን የክፍለ ሀገር አውቶቡስ ውስጥ ይህን ዝምታ የሚሰብር ሥርዓት አለን፤ ቆሎውን የፈታ ሰው ለጎረቤቱ ሳይዘረጋ አይቆረጥምም። ከተማ ስንገባና ጆሮአችንን በማዳመጫ ስንደፍን ግን እኛም የቺካጎውን ተሳፋሪ እንሆናለን።

«ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ሆኖም መጨዋወት ማመን አይደለም። ዛሬ ለተዋወቁት ሰው ገንዘብ፣ መታወቂያ ወይም የባንክ ቁጥር የሚሰጡበት ምክንያት የለም። ያላሰቡትን ሀብት በአንድ ጀምበር የሚያሳይ፣ የሚያስቸኩልና «ለማንም አትንገር» የሚል ሰው ካጋጠመ ጨዋታውን እዚያው ማቆም ነው።

የዚህ ምዕራፍ የቤት ሥራ

1. አሁን የያዙትን ሥራና የጎደለዎትን ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ከሙያዎ ውጭ ላለ ሰው ያንብቡለት። ካልገባው ቃላቱን ያቅልሉ። «ሥራ እፈልጋለሁ» ከማለት «በሒሳብ መዝገብ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሁን አስመጪ ድርጅት ውስጥ መሥራት እፈልጋለሁ» ማለት ሰሚው ማንን ሊያስታውስ እንደሚገባው ይነግረዋል።

2. በዚህ ሳምንት በታክሲ ሰልፍ፣ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ወንበር ወይም በሰርግ ድንኳን ከማያውቁት ሰው ጋር ጨዋታ ይጀምሩ። ስለራስዎ ከመናገርዎ በፊት ስለ ሥራው ይጠይቁ። መልሱ አጭር ከሆነ ደግሞ ሰውየው ዕረፍት ፈልጓልና ይተዉት።

3. ቁምነገር ካገኙ ስልክ ተለዋውጠው በሁለት ቀን ውስጥ ይደውሉ። የተገናኙበትን ቦታና የተነጋገሩበትን ነገር ያስታውሱት፤ ስም ብቻ በስልክ ላይ ተመዝግቦ ከቆየ «ይህ ደግሞ ማነው?» ተብሎ ይጠፋል።

4. በመጨረሻም ሰውየው የፈለገውን ይያዙለት። ለእርስዎ የሰፈር ተራ ወሬ የሆነው የኪራይ ቤት፣ የጨረታ ማስታወቂያ ወይም የጥሩ ሐኪም ስም እሱ ዘንድ ያልደረሰ ዜና ሊሆን ይችላል። ሩቅ ሰው ለእርስዎ የሚጠቅምበት ምክንያት እርስዎም ለእሱ የሚጠቅሙበት ምክንያት ነውና፣ መጀመሪያ የሚደውለው የሚሰጠው ያለው ሰው ይሁን።