ፍላሽ የማያውቀው ኮምፒውተራችን

ከብዙ ዓመት በፊት ትምህርቷን የጨረሰች ተማሪያችን ዘንድሮ ትራንስክሪፕት ልታወጣ መጣች። ውጤቷ ያለው በመዝገብ ክፍሉ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነበር። ኮምፒውተሩ የሚሠራው በዊንዶውስ 98 ነው፤ ፕሪንተሩ ተበላሽቷል። ፍላሽ ስንሰካለት «ድራይቨር አምጡ» አለን። ብዙዎቻችን «ይኼስ አብቅቶለታል» አልን። ተሳስተን ነበር። ያወቅነውን ለተማሪዎቻችን እናካፍላለን።

ድራይቨር ማለት ኮምፒውተሩ ከአንድ መሣሪያ ጋር እንዴት እንደሚግባባ የሚያስረዳው ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ 98 በ1998 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የዩኤስቢ መሰኪያን ያውቅ ነበር፤ ፍላሽ ግን ለገበያ የቀረበው በ2000 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ለየፍላሹ የራሱ ድራይቨር ያስፈልገዋል። በኋላ በጎ ፈቃደኞች ለአብዛኞቹ ፍላሾች የሚሆን አንድ ድራይቨር አዘጋጅተዋል፤ ይህም በ1999 እ.ኤ.አ. ለወጣው ለዊንዶውስ 98 ሁለተኛ እትም ነው።

ድራይቨሩን በፍላሽ ማምጣት እንደማይቻል ልብ በሉ! እኛ የሠራነው እንዲህ ነው፦

አንደኛ፣ የዊንዶውሱን እትም አረጋገጥን።
ሁለተኛ፣ ድራይቨሩን በሌላ ኮምፒውተር አውርደን፣ ለቫይረስ መርምረን በሲዲ ቀዳነው።
ሦስተኛ፣ ቀድሞ የተጫኑትን የፍላሽ ድራይቨሮች ከዲቫይስ ማናጀር አጠፋን።
አራተኛ፣ አዲሱን ጭነን ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሣነው።
አምስተኛ፣ ፍላሹን በፋት32 ፎርማት አድርገን ሰካነው። ዊንዶውስ 98 ኤንቲኤፍኤስንም ሆነ ኤክስፋትን አያነብም።

ፍላሹ ተከፈተ! የድሮው ዩኤስቢ በሰከንድ ከአንድ ሜጋባይት እምብዛም ስለማያልፍ ግን በትዕግሥት ጠበቅን።

ሌላም ችግር ገጠመን። ፋይሎቹ በአዲሱ ኮምፒውተር ሲከፈቱ የተማሪዎቹ ስም ትርጉም የለሽ ምልክት ሆነ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ የእኛ መዝገብ ግን የተጻፈው በቀድሞዎቹ የአማርኛ ሶፍትዌሮች ነበር። ተመልሰን ፎንቱንም ስንቀዳ ስሞቹ ተነበቡ። ይህን ሳናውቅ አሮጌውን ኮምፒውተር ጥለነው ቢሆን ኖሮ፣ ፋይሉ በእጃችን እያለ ስሞቹን ማንበብ ይቸግረን ነበር።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 98 የሚሰጠውን ድጋፍ በ2006 እ.ኤ.አ. ስላቆመ ከኢንተርኔት አላገናኘነውም። መዝገቡን ግን በሦስት የተለያዩ ቦታዎች አስቀምጠናል፤ ስሞቹንም በዩኒኮድ እንደገና በመጻፍ ላይ ነን። ተማሪያችንም ትራንስክሪፕቷን ይዛ ሄዳለች።

ወላጆች ሆይ፣ በቤታችሁ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ የልጆቻችሁ ፎቶና ሰነድ ካለ፣ ገና እየሠራ ሳለ ቅዱት። ተማሪዎችም እርዷቸው።