አሮጌ ቅጂ፣ አዲስ እትም

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ አዲስ የክላሲካል ሙዚቃ ቅጂ ሲወጣ ሐያሲ ቢጽፍበት ይገባኛል። ሃምሳና ስልሳ ዓመት ያለፈው ሥራ ሽፋኑ ተቀይሮ ሲታተም ግን ምን የሚጻፍበት ነገር አለ? ተጫዋቹ እንደሆነ ያው ነው።

አዛውንቱ፦ ተጫዋቹ ያው ቢሆንም ጆሮሽ የሚደርሰው ድምፅ ያው አይደለም፤ የድጋሚ እትም ሒስም የሚመዝነው ይህንኑ ነው። ካናዳዊውን ፒያኒስት ግሌን ጉልድን እንውሰድ። የባኽን «ጎልድበርግ ቫሪዬሽንስ» እ.ኤ.አ. በ1955 እና በ1981፣ ሁለቴ፣ ኒውዮርክ በነበረው በዚያው የኮሎምቢያ ስቱዲዮ ቀርጾታል። የመጀመሪያው 39 ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ሁለተኛው 51 ደቂቃ ይወስዳል። ሁለተኛው ሲወጣ የዲጂታል ቀረጻ ገና ጨቅላ ስለነበር ድምፁ ለብዙ ጆሮ ደረቅ ነበር። ደግነቱ ቀረጻው ሲካሄድ አናሎግ ቴፕም ጎን ለጎን ይዞታል። በ2002 ሁለቱ ቅጂዎች ባንድ ላይ ሲታተሙ የ1981ዱ የተዘጋጀው ከዚያ ቴፕ ነው። እንግዲህ «ጉልድ በኋላ ዘመኑ ቀዘቀዘ» ብሎ የፈረደ ሰው፣ ከቅዝቃዜው ስንቱ የጣቶቹ፣ ስንቱ የማሽኑ እንደነበር ለመለየት ይህን እትም ማግኘት ነበረበት። ይህን ለይቶ ያልነገረኝ ሐያሲ ሽፋኑን ነው የገመገመው።

ወጣቷ፦ ታዲያ እንደገና የተጣራ ሁሉ ይሻላል ማለት ነው?

አዛውንቱ፦ የለም! በ1960ዎቹ ኩባንያዎች በሞኖ የተቀረጸውን በኤሌክትሮኒክ ዘዴ ስቴሪዮ አስመስለው ይሸጡ ነበር፤ ፒያኖው የት እንደቆመ እንኳ አይታወቅም። የቴፑን ሹሹታ አጠፋለሁ የሚል ባለሙያም ካበዛው የአዳራሹን አየር አብሮ ያጠፋዋል። ጉልድ ሲጫወት ያንጎራጉራል፤ ማይክሮፎኑም ይዞታል። እኔን ብትጠይቂኝ እንዳለ ይቅር፤ እሱን ልፋቅ ያለ ከፒያኖው ድምፅም ቆርሶ መውሰዱ አይቀርም።

ወጣቷ፦ ዞሮ ዞሮ ግን የጣዕም ጉዳይ አይደለም? አንዱ ፈጣኑን፣ ሌላው ዝግተኛውን ይወዳል።

አዛውንቱ፦ የጣዕምን ድርሻ አልክድም። ጣዕም ብቻውን ሲፈርድ ምን እንደሚሆን ግን በእንግሊዛዊቷ ፒያኒስት በጆይስ ሃቶ ጉዳይ ታይቷል። ሕመም ከመድረክ ያራቃት ሴት ከመቶ በላይ ሲዲ ቀረጸች ተባለ፤ ሐያስያንም አወደሱ። በ2006 አረፈች። በ2007 አንድ አድማጭ የሊስትን ኤቱዶች የተጫወተችበትን ሲዲ ኮምፒውተሩ ውስጥ ቢያስገባው፣ የሙዚቃ ማጫወቻ ፕሮግራሙ የሌላ ፒያኒስት፣ የላስሎ ሲሞንን ስም አወጣለት። ሲመረመር በስሟ የወጡት ሲዲዎች ከሌሎች ተጫዋቾች የተቀዱ ሆነው ተገኙ፤ አሳታሚው ባሏም አመነ።

ወጣቷ፦ አጨዋወቱ እውነትም ጥሩ ከነበረ ሐያስያኑ ምን አጠፉ? ጆሯቸው እኮ አልተሳሳተም።

አዛውንቱ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ግማሹን እቀበልሻለሁ። ውዳሴው ለማንም ይሁን ለመልካም አጨዋወት ነበር። ይሁንና የሲሞን ሲዲ በገዛ ስሙ ገበያ ላይ ውሎ ሳለ ያን ያህል አልተወራለትም። ልዩነቱን ያመጣው የሕመምተኛዋ ታሪክ ነው። ያንኑ ሥራ የተጫወቱ ሰዎችን ቅጂ ጎን ለጎን አድርጎ ጊዜውን እየለካ የሰማ ቢኖር ኖሮ ኮምፒውተሩ ባልቀደመው። ሐያሲ ሁሉን ቅጂ መስማት አይችልም ትይኝ ይሆናል፤ እውነት ነው። ግን የትኛውን ከየትኛው ጋር እንዳነጻጸረ መጻፍ ይችላል፤ አንባቢም ያኔ ፍርዱን ራሱ ይፈትሸዋል። አንቺም መጻፍ ካማረሽ ከጉልድ ጀምሪ። የ1955ቱ ቀረጻ የተጣሉት ሙከራዎች ሳይቀሩ በ2017 ታትመዋል፤ የመረጠውንና የጣለውን እያነጻጸርሽ ስሚ። ከዚያ ስትጽፊ የሰማሽው የየትኛው ዓመት እትም እንደሆነ፣ ከየትኛው ቴፕ እንደተወሰደ በመጀመሪያው አንቀጽ አስፍሪ።