የእንግዳው ሒሳብ
ትልቅ የቱሪዝም ድርጅት የአካባቢን አደራ እንዴት ይጠብቃል?



አበው «እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ቀጥሎ ብር፣ በኋላ ጨርቅ» ይላሉ። አባባሉ እንግዳን ለመናቅ ሳይሆን፣ የተቀባዩ ቤት አቅም ወሰን እንዳለው ለማሳሰብ የተነገረ ነው። እንግዳው መልካም ሰው ቢሆንም እንኳ የሚበላው እንጀራና የሚታጠብበት ውኃ ከቤቱ ይወጣል። ታዲያ እንግዳው አንድ ሰው ሳይሆን በየዓመቱ የሚመላለስ የሚሊዮኖች ጉዞ ሲሆን፣ ያንንም ጉዞ አንድ ትልቅ ድርጅት ለትርፍ ሲመራው፣ የተቀባዩን አገር ውኃ፣ አየርና ባሕር የሚጠብቅ ማን ነው? የሚጠብቅ ቢገኝስ፣ መጠበቁ በምን ይታወቃል? የዚህ ትምህርት ጥያቄ ይህ ነው።

ለመልሱ እንዲረዳን በጀርመን አገር የተቋቋመውን «ቱዪ» የተባለ ድርጅትና ከሚሠራባቸው ቦታዎች አንዷን፣ የስፔንን ደሴት ማዮርካን፣ እንመለከታለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ድርጅቱና የሚሸጠው ነገር

«ቱዪ» በ1968 አራት የጀርመን የጉዞ ድርጅቶች ተዋሕደው የመሠረቱት ሲሆን፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ በሀኖቨር ከተማ ይገኛል። ሥራው በመጀመሪያ የተጠቃለለ ጉዞ መሸጥ ነበር፤ ይኸውም የአውሮፕላን ቲኬቱን፣ የሆቴሉን መኝታና የመጓጓዣውን አገልግሎት በአንድ ዋጋ ማቅረብ ማለት ነው። ውሎ አድሮ የሆቴሎች፣ የአውሮፕላኖችና የመዝናኛ መርከቦች ባለቤት ሆኗል። ዛሬ በአውሮፓ ከሚገኙት ታላላቅ የቱሪዝም ድርጅቶች አንዱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ድርጅቱ እንግዶቹን የሚያሳርፍባቸው ሆቴሎች ብዙዎቹ የራሱ አይደሉም፤ ከባለቤቶቹ ጋር በውል የሚሠራባቸው ናቸው። እንግዳውን ከቤቱ የሚያስወጣው ዋናው ነገር ደግሞ፣ ማለትም ንጹሑ ባሕር፣ አሸዋማው ዳርቻ፣ ፀሐዩና ጸጥታው፣ በድርጅቱ የንብረት መዝገብ ላይ አልሰፈረም። ስለዚህ አንድ ዳርቻ ቢበላሽ ድርጅቱ እንግዶቹን ወደ ሌላ ዳርቻ ማዞር ይችላል፤ ነዋሪው ግን ውኃውንና መሬቱን ተሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ ሊሄድ አይችልም። የአደራው ክብደት የሚመነጨው ከዚህ ነው።

2. የማዮርካ ውኃ

ማዮርካ በሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ የምትገኝ ደሴት ናት። ቀድሞ ሕዝቧ በአብዛኛው በእርሻ ይተዳደር ነበር፤ ከ1950ዎቹ ዓመታት ወዲህ ግን የአየር ጉዞ እየተስፋፋ ሲሄድ ዳርቻዎቿ በሆቴሎች ተሞሉ። ቱሪዝም ለደሴቲቱ ሥራና ገንዘብ አስገኝቷል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ከሀብቱ ጋር አንድ ችግር አብሮ ገባ።

በደሴቲቱ ዝናብ የሚጥለው በአብዛኛው ከመስከረም በኋላ ባሉት ወራት ነው። ጎብኚው የሚጎርፈው ደግሞ ሰማዩ በሚደርቅበት በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ነው። ስለዚህ ውኃ በሚያንስበት ወቅት ተጠቃሚው ይበዛል። የእንግዳው ፍጆታም የሚጠጣውና የሚታጠብበት ብቻ አይደለም፤ መዋኛ ገንዳው፣ የአትክልቱ ቦታ፣ የጎልፍ ሜዳው፣ በየቀኑ የሚታጠበው አንሶላና ፎጣ ሁሉ በእርሱ ስም ይቆጠራል። ከጉድጓድ የሚሳበው ውኃ ከልክ ሲያልፍ በባሕሩ ዳር ጨዋማው ውኃ ወደ ከርሰ ምድሩ ሰርጎ ይገባል፤ ጉድጓዱም ለመጠጥም ለእርሻም የማይጠቅም ይሆናል።

ችግሩ እየጠነከረ ሄዶ ከ1995 እስከ 1997 ድረስ የመጠጥ ውኃ ከስፔን ዋና ምድር፣ ከኤብሮ ወንዝ፣ በመርከብ እየተጫነ ወደ ደሴቲቱ ዋና ከተማ ወደ ፓልማ ይጓጓዝ ነበር። በኋላም የባሕርን ውኃ ከጨው የሚለዩ ተቋማት ተሠሩ። ይህ ጥሙን አስታግሷል፤ ነገር ግን ተቋማቱ ብዙ የኤሌክትሪክ ኃይል ስለሚፈልጉ የውኃው ጉድለት በከፊል ወደ ኃይል ወጪ ተለወጠ እንጂ ጨርሶ አልጠፋም። የባሊያሪክ ደሴቶች መንግሥትም በ2002 በጎብኚዎች የሌሊት አዳር ላይ ለአካባቢ ጥበቃ የሚውል ግብር ጣለ። ግብሩ ከፍተኛ ተቃውሞ ገጥሞት በ2003 ቢነሣም በ2016 እንደገና ተደነገገ።

3. በውል የሚጠየቅ ጥበቃ

«ቱዪ» በ1990 የአካባቢ ጥበቃን ጉዳይ የሚከታተል ኃላፊ ሾመ፤ እርሳቸውም ዶክተር ቮልፍ ሚሻኤል ኢቫንድ ነበሩ። በዚያን ጊዜ በጉዞ ንግድ ውስጥ እንዲህ ያለ ሹመት እንግዳ ነገር ነበር። ክፍሉ ከሠራቸው ሥራዎች አንዱ በውል ለሚሠሩት ሆቴሎች የጥያቄ ዝርዝር ማዘጋጀት ነው። ፍሳሻችሁ ወዴት ይሄዳል? ቆሻሻችሁን ትለያላችሁን? ውኃና ኃይል እንዴት ትቆጥባላችሁ? የባሕር ዳርቻችሁ ንጽሕና በምን ሁኔታ ላይ ይገኛል? እነዚህን የመሳሰሉ ጥያቄዎች ለሆቴሎቹ ቀረቡ፤ ስለ አካባቢው ሁኔታም ለእንግዶች በሚታደለው ካታሎግ ውስጥ መረጃ መውጣት ጀመረ።

የዚህ አሠራር ጥበብ ያለው ኃይሉ ከየት እንደሚመጣ በማወቁ ላይ ነው። ባለ ሆቴሉ የመንግሥትን ተቆጣጣሪ በዓመት አንድ ጊዜ ያይ ይሆናል፤ አልጋዎቹን የሚሞላለትን ድርጅት ግን በየወቅቱ በውል ጠረጴዛ ላይ ያገኘዋል። ስለዚህ ገዥው «ፍሳሽህን ሳታጣራ ወደ ባሕር ብትለቅ እንግዳ አልልክልህም» ለማለት ችሎታ አለው። ችሎታው ግን በሁለት በኩል ይሠራል። ያው ገዥ «ዋጋህን ቀንስ» ብሎ ሲያስገድድ ባለ ሆቴሉ ለማጣሪያው የሚያወጣውን ገንዘብ ያጣል። ጥበቃን መጠየቅና የጥበቃን ዋጋ አለመክፈል አብረው አይሄዱም።

4. የአስተዳደሩ አራት ደረጃዎች

በ1996 የወጣው «አይ.ኤስ.ኦ. 14001» የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የአካባቢ ጥበቃ አስተዳደርን ሥርዓት ያስተምራል። ፍሬ ነገሩ በአራት ደረጃዎች ሊጠቃለል ይችላል።

አንደኛ፤ ማቀድ። ድርጅቱ በአካባቢው ላይ የሚያደርሰውን ጫና ይለካል፤ ከሁሉ የሚከብደውንም ለይቶ ግብ ያወጣለታል።
ሁለተኛ፤ መሥራት። ኃላፊነቱ ለማን እንደሆነ ይወሰናል፤ ገንዘብ ይመደባል፤ ሠራተኛው ይሠለጥናል።
ሦስተኛ፤ መመርመር። የተሠራው ከታቀደው ጋር ይነጻጸራል።
አራተኛ፤ ማረም። ጉድለቱ ይስተካከላል፤ ከዚያም ዕቅዱ እንደገና ይጀመራል።

ይሁን እንጂ ይህ ደረጃ ድርጅቱ ሥርዓት እንዲኖረው ያስገድዳል እንጂ «ይህን ያህል ሊትር ብቻ ተጠቀም» ብሎ መጠን አይቆርጥም። መጠኑን የሚወስነው ድርጅቱ ራሱ ነው። ስለዚህ የምስክር ወረቀት በግድግዳ ላይ ስናይ ቀጥለን ልንጠይቀው የሚገባው «የተቆረጠው ግብ ምን ያህል ነው?» የሚለውን ነው።

5. ሒሳቡ የሚያሳስትበት ቦታ

የትምህርታችን ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። በምሳሌ እናስረዳ። አንድ ሆቴል በቀን 100 እንግዶች አሉት እንበል። እያንዳንዱ 400 ሊትር ውኃ ቢጠቀም ድምሩ 40,000 ሊትር ይሆናል። ሆቴሉ ተግቶ ሠርቶ የአንዱን እንግዳ ፍጆታ ወደ 320 ሊትር አወረደው። ይህ የ20 በመቶ ቅነሳ ነው፤ በእውነትም የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን በዚያው ዘመን እንግዶቹ 150 ቢደርሱ ጠቅላላው ፍጆታ 48,000 ሊትር ይሆናል። የሆቴሉ መግለጫ «ቀነስን» ይላል፤ ጉድጓዱ ግን ጨመራችሁ ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። ልዩነቱ አንዱ የቆጠረው በነፍስ ወከፍ፣ ሌላው የቆጠረው በድምር መሆኑ ነው። ምድር የምታውቀው ድምሩን ነው።

ይህን መለኪያ ይዘን ወደ «ቱዪ» እንመለስ። ድርጅቱ በ2023 እስከ 2030 የሚደርስባቸውን ግቦች አሳውቋል፤ መነሻውም የ2019 መጠን ነው። ሆቴሎቹ የሚያወጡትን አየርን የሚያሞቅ ጋዝ በድምሩ በ46.2 በመቶ፣ የመዝናኛ መርከቦቹ በድምሩ በ27.5 በመቶ ሊቀንሱ ታቅዷል። የአውሮፕላኖቹ ግብ 24 በመቶ ነው፤ ነገር ግን ይህ የሚለካው አንድ መንገደኛ በሚጓዘው በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ነው። እንግዲህ አስተዋይ አንባቢ ልዩነቱን ያያል። በሆቴሉና በመርከቡ ድምሩ ይቀንሳል ተብሏል፤ በአየር ጉዞው ግን የኪሎ ሜትሩ ድርሻ እንጂ ድምሩ አልተጠቀሰም። ከድርጅቱ የሚወጣው ጋዝ አብዛኛው ደግሞ የአውሮፕላኖቹ ነው።

ይህ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሆቴል ከጣሪያው ላይ በፀሐይ ኃይል መጠቀም ይችላል፤ አውሮፕላን ግን እስካሁን በነዳጅ ይበርራል። ከብክለት የሚያሳርፈው አማራጭ ነዳጅም ውድና ጥቂት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ነዳጅ አቅራቢዎች በ2025 ከሚያቀርቡት ውስጥ 2 በመቶ፣ በ2030 ደግሞ 6 በመቶ የዚህ ዓይነት እንዲሆን ያዝዛል። አዳዲስ አውሮፕላኖችም ከቀድሞዎቹ ያነሰ ነዳጅ ይጠቀማሉ። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ግን የመንገደኛው ቁጥርና የጉዞው ርቀት ካደገ ቁጠባውን ሊውጠው ይችላል። በ2018 የታተመ አንድ ሳይንሳዊ ጥናት ቱሪዝም በዓለም ላይ ከሚወጣው አየርን የሚያሞቅ ጋዝ 8 በመቶ ያህሉን እንደሚይዝ ማስላቱን ስናስታውስ ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ እንረዳለን።

በሆቴሉ መታጠቢያ ክፍል «ምድርን ለማዳን ፎጣዎን ደግመው ይጠቀሙበት» የሚል ካርድ ይገኛል። ካርዱ ውኃና ሳሙና ይቆጥባልና አንነቅፈውም። ነገር ግን እንግዳው በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በርሮ መጥቶ አንዲት ፎጣ ስለ ሰቀለ ሒሳቡ እንደ ተዘጋ ከተሰማው፣ ካርዱ ኅሊናን ማስተኛ ሆነ ማለት ነው።

6. መርማሪው ማን ነው?

መጋቢ የራሱን መዝገብ ራሱ መርምሮ ራሱ ሊያጸድቅ አይችልም። ስለዚህ የውጭ ምርመራ ያስፈልጋል። በቱሪዝም ዘርፍ የዘላቂነትን መስፈርት የሚያወጣ ዓለም አቀፍ ምክር ቤት አለ፤ «ቱዪ»ም ሆቴሎቹ በዚህ ምክር ቤት ዘንድ ተቀባይነት ያለው የምስክር ወረቀት እንዲይዙ ይጠይቃል። በሕግ በኩልም የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ያወጣው መመሪያ ማስረጃ ሳይቀርብ «ለአካባቢ ተስማሚ» የሚለውን የመሰለ ጥቅል አባባል በንግድ ማስታወቂያ መጠቀምን ይከለክላል። ሌላ ቦታ ዛፍ በማስተከል ብቻ «ጉዟችን አየሩን አይጎዳም» ማለትንም እንዲሁ። ተፈጻሚነቱ ከመስከረም 27 ቀን 2026 ጀምሮ እንዲሆን ተደንግጓል።

ሦስተኛው መርማሪ ነዋሪው ነው። የጉድጓዱን ጨዋማነት ቀድሞ የሚቀምሰው እርሱ ነውና ድምፁ ከምስክር ወረቀቱ በፊት ሊሰማ ይገባል።

ማጠቃለያ

ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ በ2015 ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተባለው መልእክታቸው ምድርን የጋራ ቤታችን ብለዋታል። በጋራ ቤት ውስጥ እንግዳን መቀበል ደግ ነው፤ የእንግዳውንም ወጪ በቅን መቁጠር ከደግነቱ አይለይም። ከ«ቱዪ» ታሪክ የምንማረው ትልቅ ድርጅት ውሉን፣ መዝገቡንና ገንዘቡን ለአካባቢ ጥበቃ ሊያውል እንደሚችል ነው። ደግሞም መልካሙ ሥራ ሁሉ ከሚከብደው ሸክም ካልጀመረና በድምር ካልተቆጠረ አደራው ገና እንዳልተወጣ እንማራለን።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በነፍስ ወከፍ መቁጠርና በድምር መቁጠር ልዩነታቸው ምንድን ነው? በራሳችሁ ምሳሌ አስረዱ።
2. ገዥው ድርጅት ጥበቃን እየጠየቀ ዋጋውን ቢያስቀንስ ጉዳቱ በማን ላይ ይወድቃል?
3. በቁምስናችን ለበዓል ወይም ለጉባኤ ብዙ እንግዶች ሲመጡ ውኃው ከየት ይመጣል? ፍሳሹና ቆሻሻውስ ወዴት ይሄዳል? የሚቆጥረውስ ማን ነው?
4. ከምናደርጋቸው የጥበቃ ሥራዎች ውስጥ ከባዱን ሸክም የሚነካው የትኛው ነው? ኅሊናችንን ብቻ የሚያሳርፈውስ?