ስለ መኪና በር ብሎኖች ማጥበቅና ማላላት

ንባብ የተማረ ሰው ሁሉ ማጥበቅና ማላላት ምን ያህል ነገር እንደሚለውጥ ያውቃል። «ገና» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አለመድረሱን፣ ጠብቆ ሲነበብ ግን የልደትን በዓል ያመለክታል። ስለዚህ መልካም አንባቢ የሚባለው ሁሉን የሚያጠብቅ ሳይሆን ሁሉን እንደየስፍራው የሚያነብ ነው። የብሎንም ሥራ ሕጉ ይኸው ነው።

የመኪና በር የሚዘጋው በሁለት ነገሮች መያያዝ ነው። አንደኛው በበሩ ጠርዝ ያለው መቆለፊያ፣ ሁለተኛው በመኪናው ምሰሶ ላይ የታሰረው መያዣ ብረት ነው። በሩ ሲዘጋ መቆለፊያው መያዣውን ይነክሳል። ንክሻውም ሁለት ደረጃ አለው፤ በመጀመሪያው በሩ ይያዛል እንጂ ፈጽሞ አልተዘጋም፤ በሁለተኛው ይጸናል። በኮረኮንች መንገድ መንቀጥቀጥ የመያዣው ብሎኖች የላሉ እንደ ሆነ ግን መያዣው ከስፍራው ይሸሻል፤ በሩም ሁለተኛውን ደረጃ ሳይነክስ ይቀራል። እንዲህ ያለው በር በጉዞ ላይ ቢከፈት በአጠገቡ የተቀመጠ ሕፃን ሊወድቅ ይችላል።

ይህን የፈራ ሰው ብዙ ጊዜ ባለው ጉልበት ሁሉ ያጠብቃል፤ ይህም ሌላ ጥፋት ነው። ብሎን ሲጠብቅ እንደ በገና አውታር በጥቂቱ ይወጠራል። ወደ ቀድሞ ልኩ ለመመለስ ስለሚስብ ሁለቱን ብረቶች አጣብቆ ይይዛል። ከልኩ ካለፈ ግን ተለጥጦ ይቀራል፣ ወይም ጥርሱ ይላጣል፣ ወይም ይበጠሳል።

መፍቻም በረዘመ ቁጥር የእጅን ኃይል ያበዛል። ርዝመቱ 20 ሳንቲሜትር በሆነ መፍቻ ጫፍ ላይ የ10 ኪሎ ክብደት የሚያህል ኃይል ቢያርፍ 20 ኒውተን ሜትር ያህል ይሆናል፤ መፍቻው 40 ሳንቲሜትር ቢሆን ያው ኃይል 40 ያህል ይሆናል። ስለዚህ በመፍቻው ላይ ቧንቧ ሰክቶ ማስረዘም አይገባም። ትክክለኛው ልክ እንደ መኪናው ዓይነት ስለሚለያይ ከጥገና መጽሐፉ ታይቶ ልክ በሚያሳይ መፍቻ ይጠበቅ።

አሠራሩም በተራ እንዲህ ነው።

አንደኛ፣ በሩን ከፍቶ ጫፉን ወደ ላይ ማንሳት። ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ጉድለቱ በሩ ከተሰቀለበት ማጠፊያ ነው።

ሁለተኛ፣ የመያዣውን ስፍራ ዙሪያውን በእርሳስ ማስመር። ሁለቱን ብሎኖች ባንድ ጊዜ ማውጣት አይገባም፤ በብዙ መኪናዎች ብሎኖቹ የሚገቡበት ሳህን ከምሰሶው ውስጥ ሊሸሽ ይችላልና።

ሦስተኛ፣ የብሎኑን ራስ ከአቧራ አጽድቶ በልኩ የሚገጥመውን መፍቻ መምረጥ። ራሱ እንደ ኮከብ ለሆነ ብሎን የመስቀል ካቻቪቴ አይሆንም፤ እየተንሸራተተ ራሱን ይበላዋል።

አራተኛ፣ ወጥቶ የነበረ ብሎን አስቀድሞ በጣት ሁለት ሦስት ዙር ይግባ። በጣት እምቢ ያለውን በመፍቻ ማስገደድ ጥርሱን ማጥፋት ነው።

አምስተኛ፣ ሁለቱን እያፈራረቁ ጥቂት በጥቂት ማጥበቅ። መጽሐፉ ካላዘዘ በቀር ጥርሱ ዘይት አይቀባ፤ ዘይት ሰበቃን ስለሚቀንስ በዚያው የመፍቻ ልክ ብሎኑ ከሚገባው በላይ ይወጠራል።

ስድስተኛ፣ በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ሁለቱንም የንክሻ ድምፆች መስማት፤ ከዚያም ከውስጥም ከውጭም መክፈት።

መምህሩ መኪና ባያገኝ እንኳ በሳንቃ ላይ ባሰረው አሮጌ ብሎን፣ በአጭርና በረዥም መፍቻ፣ ይህን ትምህርት ለተማሪዎቹ ማሳየት ይችላል። ከዚያም እንዲህ ብሎ ይጠይቃቸው፦ ብሎን ሁለቱን ብረቶች አጣብቆ የሚይዘው በምን ኃይል ነው? መፍቻው ሲረዝም እጅ ለምን መጠንቀቅ አለበት? ጉልበት ያለው ሁሉ ማጥበቅ ይችላል፤ ልኩ ሲደርስ እጁን የሚመልስ ግን የተማረ ነው።