አዲስ አስተማሪና ፍርሃቱ

ማንበብና መጻፍ የቻለ ሰው አንድ ቀን «እስቲ ለእኛም አስተምረን» መባሉ አይቀርም። ጎረቤት ይጠይቀዋል። ቀበሌው የጎልማሶች ትምህርት ሲከፍት «አንተም አግዝ፣ አንቺም አግዢ» ይባላል። ያን ጊዜ ዕውቀቱ እያለ ጉልበት ይከዳል። አፍ ይደርቃል። «ኧረ እኔ በሰው ፊት መናገር አልችልም!» እንላለን።

ይህ ፍርሃት ምንድን ነው? ከየት ይመጣል? እንዴትስ እናሸንፈዋለን? በዚህ ትምህርት እነዚህን ነገሮች እንመለከታለን። ሰውን ከመምከራችን በፊት ግን የራሳችንን እንናገር።

የመጀመሪያዋ ማታ

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ነበር። ተማሪዎች፣ መምህራንና ሌሎችም የተማሩ ሰዎች ለማስተማር ወጡ። ትምህርቱ መጀመሪያ በ5፣ ኋላም በ15 የሀገራችን ቋንቋዎች ተሰጠ። እኛም በአንዱ ክረምት ከዘመቱት ውስጥ ነበርን። ሁለት ሆነን አንድ የደጋ መንደር ገባን። ዕድሜያችን ገና ሃያ አልሞላም። ከዚያ በፊት ተምረን እንጂ አስተምረን አናውቅም።

ቀን ቀን የእርሻ ሥራ ስላለ ትምህርቱ ማታ ማታ ነበር። መማሪያው ከባሕር ዛፍ እንጨት የተሠራ ዳስ ነው። በመጀመሪያዋ ማታ ሠላሳ ያህል ሰው መጣ። አብዛኞቹ የአባቶቻችንና የእናቶቻችን እኩያ ናቸው። አንድ ሽማግሌ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው፣ «እንደምን አመሻችሁ፣ የኔታ» አሉን። ታዲያ እንዴት አንፍራ! ትናንት ለሽማግሌ መቀመጫ የምንለቅ ልጆች ዛሬ የኔታ ተባልን።

አንዳችን ፋኖስ፣ አንዳችን ጠመኔ ያዝን። ጠመኔ የያዘው እጅ ተንቀጠቀጠ። እንዳይታወቅብን ፊታችንን ወደ ሰሌዳው አዞርን። ሀ ሁ ሂ ብለን ሰባቱን ጻፍን። ዞር ብሎ ሰውን ማየት ግን ፈራን። ስለዚህ ለ ሉ ሊን ጨመርን። ሐንም ጨመርን። መንም ጨመርን። በአንድ ማታ 28 ፊደል ሰሌዳው ላይ ደረደርን። በመጨረሻ ስንዞር ግማሹ ሰው እርሳሱን እንኳ አላነሣም። ሌላው አቀርቅሯል። አንድም ጥያቄ የጠየቀን የለም። እኛም ዝምታው ደስ አለንና «ደህና እደሩ» ብለን አሰናበትናቸው።

በማግስቱ የመጣው አሥራ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ከቀሩት መካከል ልጇን አዝላ በር አጠገብ ተቀምጣ የነበረች አንዲት ሴት ነበረች። ቤቷ ድረስ ሄድን። «እታለም፣ ምነው ቀረሽ?» አልናት።

«ተቆጥታችሁብን የለም እንዴ?» አለችን። «አንዴም ዞር ብላችሁ አላያችሁንም። እነዚህ የከተማ ልጆች ንቀውናል ብዬ ነው። ደግሞስ እኔ ምን እማራለሁ? እርሳስ ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል።»

ይህን ስንሰማ አፈርን። «የእኛም እጅ እኮ ሲንቀጠቀጥ ነበር! ፈርተን ነው እንጂ ንቀን አይደለም» አልናት። መጀመሪያ አላመነችንም። «አስተማሪን ደግሞ ምን ያስፈራዋል?» አለች። ኋላ ግን ሳቀች። ከሁለት ቀን በኋላ ጎረቤቷን አስከትላ መጣች።

ከዚህ ሁለት ነገር ተማርን። አንደኛ፣ የአስተማሪ ፍርሃት ለተማሪው ንቀት ሊመስለው ይችላል። ፍርሃቱን ለመደበቅ የሚጣደፍ አስተማሪ ሳያውቀው ተማሪዎቹን ያባርራል። ሁለተኛ፣ የሚፈራው የቆመው ብቻ አይደለም። የተቀመጠውም ይፈራል። ጎልማሳ ሰው «እሳሳትና ይሳቅብኛል» ብሎ ይሠጋል። አስተማሪው ስለራሱ ፍርሃት ማሰቡን ትቶ የተማሪውን ፍርሃት ለማቅለል ሲነሣ፣ የራሱም ይቀልለታል።

ፍርሃት በሰውነታችን ውስጥ

ፍርሃት የስንፍና ምልክት አይደለም። የሰውነታችን ሥራ ነው። ሌሊት ጅብ ወደ በረት ቢመጣ ምን እንሆናለን? ልባችን ይመታል፣ ትንፋሻችን ይፈጥናል፣ ዱላ ይዘን ብድግ እንላለን። ይህ እንዲሆን የሚያደርጉት ከኩላሊቶቻችን በላይ ያሉ ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች ናቸው። አደጋ ሲመጣ አድሬናሊን የሚባል ንጥረ ነገር ወደ ደማችን ይለቃሉ። ልብ ደምን በፍጥነት ወደ እጅና ወደ እግር ይረጫል። ምራቅ ያንሳል፣ አፍ ይደርቃል። ሰውነት ለመሮጥ ወይም ለመታገል ተዘጋጀ ማለት ነው።

ሠላሳ ሰው ዓይኑን ሲተክልብን ሰውነታችን ያው ጅብ የመጣ ይመስለዋል። ግን የምንሮጥበትም የምንመታውም ነገር የለም። ስለዚህ ያ ሁሉ ኃይል እጅና ድምፅ ማንቀጥቀጥ ይሆናል። ይህን ማወቅ ብቻውን ይረዳል። ልባችን ሲመታ «አለቀልኝ» ማለት የለብንም። «ሰውነቴ ለሥራ ተዘጋጀ» እንበል። ብዙውን ጊዜ ክፉው የመጀመሪያው ጥቂት ደቂቃ ነው። ያንን ካለፍን ሰውነታችን እየረጋ ይሄዳል።

የሽማግሌው ምክር

የኔታ ያሉን ሽማግሌ ነገሩ ገብቷቸው ኖሮ አንድ ቀን ጠሩን። «ልጆቼ፣ ወይፈን ሲገራ በመጀመሪያ ቀኑ ድንጋያማ መሬት አይገባም። ከለመደ በሬ ጋር ይጠመድና በለስላሳው መሬት ጥቂት ይሄዳል። ከዚያ ይፈታል። እናንተ ግን ራሳችሁንም እኛንም በአንድ ቀን ልትጨርሱን ነው!» አሉን። ሳቅን፤ ምክሩን ግን ያዝን። ከዚያ ወዲያ እንዲህ እናደርግ ጀመር።

1. ጥቂት ማስተማር። በሚቀጥለው ማታ አራት ፊደል ብቻ አስተማርን። ብዙ ለመናገር ያሰበ ሰው ጊዜ አነሰኝ እያለ ይጣደፋል፣ ሲጣደፍም ይደናገራል። ለአንድ ቀን አንድ ቁም ነገር ይበቃል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

2. ድምፅን አውጥቶ መለማመድ። በሆድ ማወቅና በአፍ መናገር ይለያያሉ። ስለዚህ የምናስተምረውን አስቀድመን ጮክ ብለን እንበለው። ለባል፣ ለሚስት፣ ለልጆች ወይም ከብት እየጠበቅን ለራሳችን እንናገረው። የምንደናቀፍበት ቦታ ያኔውኑ ይታወቃል።

3. የመጀመሪያውን ቃል ማጥናት። ሁሉንም በቃል መያዝ አያስፈልግም፤ አንዱ ቃል ሲጠፋ ሌላውም ይጠፋል። መግቢያውን ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ አጥብቀን እንያዝ። የቀረውን በትንሽ ወረቀት ላይ በጉልህ ጽፈን እንያዘው። ወረቀት ማየት ነውር የለውም።

4. ቀድሞ መድረስና ሰላም ማለት። ሰው ሳይመጣ እንድረስ። የሚገባውን አንድ በአንድ «እንዴት ዋላችሁ? ከብቱ ደህና ነው? ልጁ ተሻለው?» እንበል። ትምህርቱ ሲጀመር በፊታችን ያሉት እንግዶች አይደሉም። አሁን ያነጋገርናቸው ሰዎች ናቸው።

5. ትንፋሽን ማርጋት። ልብን «ዝም በል» ብሎ ማዘዝ አይቻልም። ትንፋሽን ግን ማዘዝ ይቻላል። እስከ አራት እየቆጠርን በአፍንጫ እናስገባ። እስከ ስድስት እየቆጠርን ቀስ ብለን እናውጣ። ይህን አምስት ጊዜ እናድርገው። ትንፋሽ ረዘም ብሎ ሲወጣ የልብም ምት ይቀንሳል። አንዳንዱ ግን ለድፍረት ብሎ አረቄ ይቀምሳል። ይህ አይበጅም። መጠጥ ማስታወስን ይቀንሳል፣ ምላስንም ያሳስራል።

6. ፊትን ወደ ሰው ማዞር። ስንጽፍ ወደ ሰሌዳው፣ ስንናገር ወደ ሰዎቹ እንዙር። ሁሉንም ባንዴ ማየት ቢከብደን አንድ የሚያዳምጥ ፊት እንምረጥ። ለእሱ እንንገረው፤ ከዚያ ወደ ሌላው እንለፍ። ስንጠይቅም መልሱን ራሳችን ለመናገር አንቸኩል። በሆዳችን እስከ አምስት እንቁጠር። ዝምታው ለሰዎቹ ማሰቢያ ነው።

7. ስሕተትን ማመን። ብንሳሳት «ተሳሳትኩ፣ ላርመው» ብለን እናጥፋው። የማናውቀውን ብንጠየቅ «አላውቀውም፤ ጠይቄ ነገ እነግራችኋለሁ» እንበል። በማግስቱም መልሱን ይዘን እንምጣ። አስተማሪው ሲሳሳትና ሲያርም ያየ ተማሪ እሱም መሞከር አይፈራም። ካልደፈረሰ አይጠራም ይባላል።

ይህን ሁሉ ስናደርግ ፍርሃቱ ጨርሶ ጠፋ ማለት አይደለም። በየማታው ጥቂት ጥቂት ይመጣ ነበር። ነገር ግን ሥራችንን አላስቆመንም። የቀሩትም ሰዎች አንድ ሁለት እያሉ ተመለሱ። ሁሉም ግን አልተመለሱም። በዚያች በመጀመሪያዋ ማታ ያጣናቸው አሉ። ይህን እስካሁን አልረሳነውም።

ክረምቱ ሲያልቅ እያንዳንዱ ሰው ወደ ሰሌዳው እየወጣ ስሙን እንዲጽፍ አደረግን። የዚያች ሴት ተራ ደረሰ። ልጇን ለጎረቤቷ አቅፋ አስያዘችና ወጣች። እጇ ተንቀጠቀጠ። ጠመኔውን አጥብቃ ስለያዘችው ተሰበረ። ከሥር የወደቀውን ቁራጭ አነሣችና ስሟን እስከ መጨረሻው ጻፈች። ከዚያም እኛ በመጀመሪያዋ ማታ ያላደረግነውን አደረገች፤ ዞር ብላ ሰዎቹን አየችና «ይኸው፣ ይነበባል?» ብላ ጠየቀች።

ሁሉም ባንድ ድምፅ አነበቡት።

የቃላት ፍች

መጣደፍ፦ መቸኮል፣ ያለ ዕረፍት መሮጥ
መሥጋት፦ ክፉ ነገር ይመጣል ብሎ መፍራት
ዕጢ፦ በሰውነት ውስጥ ጠቃሚ ንጥረ ነገር የሚያመነጭ ክፍል
መግራት፦ ማልመድ፣ ለሥራ ማዘጋጀት
መደናገር፦ ነገር መቀላቀል፣ ግራ መጋባት

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሴትዮዋ በሁለተኛው ማታ ለምን ቀረች? አስተማሪዎቹስ ምን ያደረጉ መስሏት ነበር?
2. ስንፈራ አፋችን የሚደርቀው ለምንድን ነው?
3. ሽማግሌው ስለ ወይፈን የተናገሩት ከማስተማር ጋር ምን ያገናኘዋል?
4. እናንተ በሰው ፊት ስትናገሩ ፈርታችሁ ታውቃላችሁ? ምን አደረጋችሁ?
5. የምታውቁትን አንድ ነገር ምረጡ፤ ለምሳሌ እህል ከነቀዝ ስለ መጠበቅ ወይም ስለ ብስባሽ አዘገጃጀት። መግቢያውን በሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ቤት ውስጥ ጮክ ብላችሁ ተለማመዱት። ከዚያም በጓደኞቻችሁ ፊት ቆማችሁ ተናገሩት።