ስለ ጥንቃቄ እስራትና ስለ ዳኞች ምርመራ

እስራት ኹለት ዓይነት ነው። አንዱ ሰው ጥፋት ሠርቶ፥ ምስክር ተሰምቶበትና ተፈርዶበት የሚታሰረው ነው፤ ኹለተኛው ገና ሳያጠፋ፥ ወደ ፊት ያጠፋ ይኾናል ተብሎ በሹም ትእዛዝ የሚታሰረው ነው። ይህም የጥንቃቄ እስራት ይባላል። በዚህኛው ከሳሹም ፈራጁም ሹሙ ስለ ኾነ፥ ዳኛ ትእዛዙን ሊመረምር ይገባል፤ ይኸውም ሹሙ በሕግ ሥልጣን እንዳለው፥ ምክንያቱም ለእስረኛው እንደ ተነገረው፥ ነገሩም ከቂም የራቀ እንደ ኾነ ለማወቅ ነው።

ለዚህ ምሳሌ በህንድ አገር የኾነው ነው። በ1975 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ወይዘሮ ኢንዲራ ጋንዲ ጠቅላይ ሚኒስትር ሳሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ብዙ ሰዎችም ያለ ክስ ታሰሩ። ዘጠኝ ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች የእስረኞቹን አቤቱታ መስማት ይቻላል ቢሉ፥ ነገሩ በይግባኝ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በክርክሩም ዳኛው ሐንስ ራጅ ካና «ፖሊስ በግል ቂም ሰው ቢገድልስ ፍርድ ይገኛልን?» ብለው ጠየቁ። የመንግሥቱም ዋና ጠበቃ አዋጁ ጸንቶ ሳለ እንደማይገኝ መለሰ። በ1976 ከአምስቱ ዳኞች አራቱ ለመንግሥት ፈረዱ፤ ካና ብቻቸውን ተቃወሙ። በ1977 የዋና ዳኛነት ተራ ሲደርሳቸው ታለፉ፥ ሥራቸውንም ለቀቁ።

ነገር ግን በ1978 ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ፥ የሕይወትና የነጻነት መብት በአዋጅ ምክንያት ከዳኛ ፊት እንዳይከለከል ተደነገገ፤ በ2017ም ዘጠኝ ዳኞች ተሰይመው የቀድሞውን ፍርድ ሻሩት። ስለዚህ በጭንቅ ጊዜ ብቻውን የቆመ የአንድ ዳኛ ቃል፥ ቢዘገይም ለትውልድ ሕግ ይኾናል።