የቲኪ ሥዕል የሚገዛ ሰው ምን ምን መመርመር ይገባዋል?

በትምህርት ቤታችን ስለ ሥዕል አሣሣል እንማራለን፤ ሥዕልን መርምሮ ስለ መግዛት ግን እምብዛም አይነገረንም። ስለዚህ ስለ ቲኪ ሥዕል ያጠናሁትን ለአንባብያን ባጭሩ አቀርባለሁ። ዓመቶቹ ኹሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

ቲኪ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ውስጥ በሚገኙት በፖሊኔዢያ ደሴቶች ከእንጨት ወይም ከድንጋይ የሚቀረጽ፣ የሰው መልክ ያለው ምስል ነው። ለደሴቶቹ ሰዎች የቀደሙ አባቶቻቸውና የአማልክቶቻቸው ምስል ነበረ። በአሜሪካ ግን ከ1930ዎቹ ጀምሮ፣ ይልቁንም ከኹለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በቲኪ ያጌጡ ምግብ ቤቶችና መጠጥ ቤቶች ስለ በዙ፣ ለግድግዳቸው የሚኾን ሥዕል ተፈላጊ ኾነ።

በዚህ ረገድ ስመ ጥር የኾነው ሠዓሊ አሜሪካዊው ኤድጋር ሊቴግ ነው። በ1904 ተወልዶ በ1933 ወደ ታሂቲ ሄደ፤ በሞሬያ ደሴት ተቀምጦ በጥቁር ከፋይ ላይ በዘይት ቀለም ሲሥል ኖሮ በ1953 በሞተር ብስክሌት አደጋ ሞተ። አንዱን ሥዕል ደጋግሞ ይሥል ስለ ነበረ፣ ሌሎችም አስመስለው ስለ ሣሉ፣ ገዢ በቀላሉ ሊታለል ይችላል።

እንግዲህ ሸማ የሚገዛ ሰው ጥለቱን ብቻ አይቶ ገንዘቡን እንደማይሰጥ፣ ድርና ማጉንም በእጁ እንደሚፈትን፣ ሥዕል ገዢም እንዲሁ ያድርግ።

አንደኛ፤ በማጉያ መነጽር ይመልከት። ተራ የቀለም ነጠብጣብ ከታየ በማተሚያ የታተመ እንጂ በእጅ የተሣለ አይደለም።

ኹለተኛ፤ ከፋዩን ይመርምር። ፀሐይ ያገኘው ጥቁር ከፋይ ይደበዝዛል፤ እርጥበት ያገኘው ይሻግታል፤ ጸጉሩ የተደፈጠጠ እንደ ሆነ ማቃናት አስቸጋሪ ነው። ያልተቀባው ጥቁር ጨርቅ ራሱ የሥዕሉ ጥላ ስለ ሆነ፣ ጨርቁ ሲበላሽ ሥዕሉም ይበላሻል።

ሦስተኛ፤ ገልብጦ ጀርባውን ይይ። ሥዕሉ አሮጌ ነው ተብሎ እንጨቱና ምስማሩ አዲስ ከኾኑ ምክንያቱን ይጠይቅ።

አራተኛ፤ ፊርማ ብቻውን ምስክር አይኾንም፤ በኋላ ሊጨመር ይችላልና። የቀድሞ ባለቤቶችን የሚያስረዳ ደረሰኝ ወይም አሮጌ ፎቶግራፍ ይፈልግ።

በመጨረሻም፣ በእኔ አሳብ ከዋጋው የሚበልጥ አንድ ጥያቄ አለ። ከእነዚህ ሥዕሎች ብዙዎቹ የሚያሳዩት የደሴቶቹን እውነተኛ ኑሮ ሳይኾን የውጭ ሰዎች የተመኙትን ነው። ለአንድ ሕዝብ የከበረው ምስል ለሌላው የመጠጥ ቤት ጌጥ ኾኗል። አስተዋይ ሰብሳቢ ሥዕሉን ቢወድም ይህን አይሰውርም፤ ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ለልጆቹ ሲያሳይ፣ የማን ምስል እንደ ሆነና ማን እንደ ሣለው አብሮ ይነግራቸዋል።